ካታሎጉ «ይገኛል» ይላል

እኔ የምሠራበት ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ከመላው ዓለም ይታያል ይላሉ። ከዱባይ ይታያል፣ ከቶሮንቶ ይታያል፣ የሚፈልገው ሰው ካለ ከቻይናም ይታያል። ከሰቆጣ ግን አይታይም። ሰቆጣ ላይ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል፣ ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፣ ሁለቱ ተስማምተው የመጡ ዕለት ደግሞ በዓል ይሆንና ቢሮ ዝግ ነው። ስለዚህ አንባቢ መጥቶ «እንዲህ የሚባል መጽሐፍ አላችሁ?» ሲለኝ ከወንበሬ ተነሥቼ መደርደሪያውን አያለሁ። ከኮምፒውተር በፊትም የማደርገው ይህንኑ ነበር። ያኔ ሥራ ይባል ነበር፤ አሁን ባለሙያው እንደነገረን «ኋላ ቀር የፍለጋ ዘዴ» ይባላል።

ባለሙያው ጋ እስክንደርስ ግን ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው።

ስቀጠር አለቃዬ የነበሩት ሰው ባለ ብዙ መሳቢያ የእንጨት ሣጥን ነበራቸው። በየመሳቢያው ካርድ፣ በየካርዱ ላይ የደራሲው ስም፣ የመጽሐፉ ርእስና የመደርደሪያው ቁጥር አለ። ሁሉንም በጽሕፈት መኪና የመቱት እሳቸው ናቸው። ሣጥኑን ከልጆቻቸው እኩል ይወዱት ነበር ብል ልጆቻቸውን መዋሸት ይሆንብኛል፤ የበለጠ ነበር የሚወዱት። ጣቱን በምራቅ አርሶ ካርድ የሚገልጥ አንባቢ ካዩ ቀኑን ሙሉ ፊታቸው አይፈታም። እርግጥ ካርዱም መልአክ አልነበረም። ተማሪ የቤት ሥራውን ጀርባው ላይ ያሰላበት ነበር። አንዱ ጎረምሳ ለወደዳት ልጅ «ከሰዓት በኋላ ጠብቂኝ» ብሎ ጽፎ የተወውን መልእክት ስለ ንብ ማነብ በሚናገር መጽሐፍ ካርድ ላይ አግኝቻለሁ። ልጅቷ ንብ ለማነብ ካላሰበች በቀር እንዴት ታገኘዋለች ብሎ እንዳሰበ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ የመጀመሪያው ሶፍትዌር መጣ። በሲዲ ነው የመጣው፤ ሁለት ሰዎችና አንድ ባነር አጅበውታል። ጥቁር ስክሪን ላይ አረንጓዴ ጽሑፍ ያወጣል። አማርኛ አያውቅም፤ ስለዚህ የአማርኛውን ርእስ በእንግሊዝኛ ፊደል እንጽፍለት ነበር። እያንዳንዳችን የየራሳችን አጻጻፍ ነበረንና አንዱ መጽሐፍ እኔ ስፈልገው የለም ይላል፣ አለቃዬ ሲፈልጉት አለ ይላል። አለቃዬ ለበላይ አካል «ቤተ መጻሕፍታችን ዘምኗል» የሚል ሪፖርት ጻፉ። ሪፖርቱን ጨርሰው ሲያበቁ መሳቢያቸውን ሳቡና የሚፈልጉትን መጽሐፍ ከካርዱ አገኙ።

ሁለተኛው ሶፍትዌር ሰርቨር የሚባል ነገር ይዞ መጣ። እንደ ወፍጮ የሚጮኽ ጥቁር ሣጥን ነው። አማርኛ ያነብባል ሲሉን ደስ አለን። ያነብባል፤ ግን እንደ ድሮ የኔታ ፊደል ይመርጣል። በጸሎቱ ጸ የተመዘገበውን በፀሐዩ ፀ የፈለገ ሰው «ምንም አልተገኘም» ተብሎ ይሰናበታል። አለቃዬ አቧራ እንዳይገባበት ነጠላ አለበሱት። መብራት ብልጭ ባለ ቁጥር ይሞታል፣ ሲነሣም የትናንቱን ረስቶ ይነሣል። መጽሐፍ የመለሰውን ሰው አልመለስህም ይላል፤ ያልመለሰውን ያመሰግናል። አንድ ቄስ በምስክር ፊት የመለሱትን መጽሐፍ ወስደሃል ቢላቸው «በሐሰት የሚመሰክር ዕቃ አምጥታችሁ ተከላችሁብን» ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀሩ። እኔ በሳቸው አልፈረድሁም፤ ሰው እንዲህ ቢላቸውም ይቀሩ ነበር።

ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም፤ አሳጥሬ ልለፈው። እኔ ልጆቼን ይዤ ከከተማው ወጣሁ፤ አለቃዬ አልወጡም። ጋብ ባለ ጊዜ መጻሕፍቱን በማዳበሪያ እየሞሉ ለሚያምኑት ሰው ሁሉ አከፋፈሉ፤ ለካህን፣ ለሸማኔ፣ ለባለ ሱቅ፣ ለአልጋ ቤት ባለቤት። ዝርዝር አልያዙም። «ዝርዝር ከተያዘ እዚያ ላይ ያለው ቤት ሁሉ ይበረበራል» ይሉ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ለእያንዳንዱ ሰው «አደራ» አሉትና ሄዱ። ሰርቨሩን ግን የሚረከባቸው ሰው አጡ፤ ማን እንደ ወፍጮ የሚጮኽ አደራ ይቀበላል? ስመለስ ሰርቨሩም የለም፣ ነጠላውም የለም።

አለቃዬ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ አልቆዩም። መጻሕፍቱን ሰብስበው ሳይጨርሱ ታመው ሞቱ። በኛ አገር አደራ የሚመለሰው ለሰጠው ሰው ነው፤ ለመሥሪያ ቤት አይደለም። ሰጪው ከሞተ ለቤቱ ይመለሳል። ስለዚህ ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ መሶብ ይዞ እንደሚመጣ መጽሐፍ ይዞ መጣ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ፊዚክስና የወንጌል ትርጓሜ፣ ዶሮ እርባታና የሒሳብ መልመጃ ተቆለለ። እኔ በአንድ ዓይኔ እያለቀስሁ በአንድ ዓይኔ ማኅተም አያለሁ። አንዲት ሴት ደረቷን እየደቃች ገብታ ከጉያዋ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አውጥታ አስከሬኑ እግር ሥር ስታስቀምጥ ሳቅ አመለጠኝ። አለቃዬም ቢያዩ ይስቁ ነበር። ያም ሆኖ ያልመጣው መጽሐፍ ይበልጣል። አንዳንዱ ባለ አደራ ተሰዷል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ሰጪው ከሞተ እውነተኛው ባለቤት እስኪመጣ ልጠብቅ» ብሎ ይዟል።

ባለሙያው የመጣው በዚህ መሀል ነው። ወጣት ነው፣ ጫማው አቧራ አይነካውም፣ «ዲጂታል» ሳይል ዐረፍተ ነገር አይዘጋም። ሦስተኛው ሶፍትዌር ሰርቨር አያስፈልገውም አለን።

«ታዲያ የተመዘገበው ነገር የት ይቀመጣል?» ብዬ ጠየቅሁት።

ጣቱን ወደ ኮርኒሱ ቀስሮ «ክላውድ ላይ» አለኝ። «ደመና እንደ ማለት ነው።»

ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት አባቶቻችን ለማን እንዳስቀመጡት ያን ቀን ገባኝ።

ሥራው በጥድፊያ ነበር፤ ፕሮጀክቱ ሊዘጋ ነው ተብሏል። መደርደሪያውን እያዩ መመዝገብ ጊዜ ይፈጃል ተባለና ከዘረፋ የተረፈውን የካርድ ሣጥን ጭነው ሆቴላቸው ወሰዱት። እዚያ ቁጭ ብለው ከካርዱ ገለበጡ። ካርዱ ከጦርነቱ በፊት የነበረውን ሁሉ ያውቃል፤ በኋላ የሆነውን አያውቅም። የተቃጠለው፣ ዝናብ የበላው፣ በአደራ ሰው ቤት ያለው፣ ሁሉም በአንድ ቃል ተመዘገበ፤ «ይገኛል»። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እነዚህ ግን አፍሰው ሳይለቅሙ ነው የሄዱት።

«የሌሉ መጻሕፍት አሉ እኮ» አልሁት።

«ሲስተሙ ሦስት ምርጫ ነው ያለው እህቴ። ይገኛል፣ ተውሷል፣ ጠፍቷል።»

«አደራ የሚልስ?»

ሳቀብኝ። «እሱ ስሜት ነው» አለ። «ሲስተም ስሜት አይመዘግብም።»

የስሙ ጉዳይ ከዚህም ይብሳል። ሶፍትዌሩ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን አለው፤ እሱ ካልተሞላ አያሳልፍም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የራስ ስም አለን፣ ቀጥሎ የአባት ስም አለን፣ የአባቴም ስም የአባቴ ነው ብዬ አስረዳሁት። «እንግዲያው አባትየውን አስቀድሚ» አለኝ። ብዙም ሳይቆይ በቤተ መጻሕፍቱ ያለ ደራሲ ሁሉ ከአባቱ ሥር ገባ። ልጅ የጻፈውን አባት ወረሰ። ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬዎች በሞቱ በስንት ዘመናቸው ደራሲ ሆኑ። እዚህ አገር መጽሐፍን በደራሲው አባት ስም የሚፈልግ ጤነኛ ሰው የለም፤ ስለዚህ ማንም ምንም አላገኘም። ሥልጠናው ላይ ለሙከራ «ዳዊት» ብዬ ጻፍሁ። «ዱቄት ማለትዎ ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። የምርቃቱ ዕለት ባለሙያው «ከእንግዲህ አንባቢ ጠቅ ማድረግ ብቻ ይበቃዋል» ብሎ ተናገረ። አጨበጨብን። ጭብጨባው ሳያልቅ መብራት ሄደ።

ይህ ሁሉ ሆኖም ካታሎጉ አንድ ሰው ጠቀመ። ማለቴ፣ ጠቀመ መሰለን።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት እናት ከጽጽቃ በአውቶቡስ መጡ። ጥቁር ለብሰዋል። ስልክ ከጉያቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ይኸን ስጪኝ ልጄ» አሉ፤ ሱቅ ገብተው ሳሙና የሚገዙ ይመስላሉ። ስልኩ ላይ የኛ ካታሎግ ፎቶ አለ። እኔ ራሴ እንዲህ ጥርት ብሎ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። መጽሐፉ በአካባቢያችን ቋንቋ በኽምጣና የሚነገሩ ተረቶችን አንድ አስተማሪ በኽምጣናና በአማርኛ የጻፈበት፣ በትምህርት ቤት ማባዣ የተባዛ ሰማያዊ ጥራዝ ነው። አንድ ቅጂ፣ ይገኛል ይላል። አስተማሪው ባላቸው ነበሩ።

እንዴት እንዳገኙት ሲነግሩኝ መሳቅም ማልቀስም አማረኝ። ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። እዚያ ሰውን የሚጠሩት በፓስፖርቱ መጨረሻ ባለው ስም ነው፤ በኛ ሰው ፓስፖርት መጨረሻ ያለው ደግሞ የአያት ስም ነው። ስለዚህ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ በአያቷ ስም ስትጠራ ትውላለች። አንድ ቀን ብስጭቱም ናፍቆቱም ተደራርቦባት ያን ስም በኛ ፊደል ስልኳ ላይ ጽፋ ፈለገችው። ከአያቷ ስም ሥር የአባቷ መጽሐፍ ወጣ፤ የገጹን ፎቶ ለእናቷ ላከችላቸው። አባትየውን ባለሙያው ከአባታቸው ሥር አስገብቷቸዋል፤ ልጅቷን አሠሪዎቿ ከአያቷ ሥር አስገብተዋታል። የማይተዋወቁ ሁለት ስሕተቶች አንድ ሽማግሌ ደጃፍ ላይ ተገናኙ። ባለሙያው ይህን ቢሰማ «የተገኘ ውጤት» ብሎ ሪፖርቱ ውስጥ ይከተው ነበር።

ጽሑፉን ጮክ ብዬ ሳነብላቸው እናትዬዋ አቋረጡኝ።

«አማቴ ናቸው የጻፉት ይላል?»

«እንደ ካታሎጉ ከሆነ አዎ።»

«እሳቸው? ልጃቸውን ከትምህርት ቤት በአለንጋ እየነዱ የሚመልሱት እሳቸው?» ትንሽ ፈገግ አሉ። «ደግ። ሲሞቱ ተማሩ ማለት ነው።»

መደርደሪያውን ማየት አላስፈለገኝም፤ ያ ጥራዝ እንደሌለ አውቃለሁ። ቢሆንም ተነሥቼ አየሁ፣ ከኋላዬ ተከትለውኝ እሳቸውም አዩ።

«ይገኛል ይላል እኮ ልጄ።»

«ይላል እናቴ።»

«ታዲያ?»

የአለቃዬን አደራ፣ የካርዱን ነገር፣ የሆቴሉን ግልበጣ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ የኔን ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ቤቴ ተቃጥሏል» አሉ። «ወረቀቱም ፎቶውም አብሮ ነደደ። በዚያ ራብ ጊዜ ባሌ እህል ላምጣ ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። መቃብሩን አላውቀው። በዓለም ላይ ከሱ የቀረ ነገር ቢኖር ያ መጽሐፍ ነው። ሳልይዘው አገሬ አልገባም።»

«ማንበብ ይችላሉ?» አልኋቸው። ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ምነው ባልጠየቅሁ አልሁ።

«አልችልም። የነገርሁት ግን እኔ ነኝ። ማታ ማታ እኔ እነግረዋለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ቃሉ የኔ፣ እጁ የሱ ነው።»

ተናደድሁ። ባለሙያውን ጠላሁት፣ ደመናውን ጠላሁት፣ ለሞት የቸኮሉትን አለቃዬን ሳይቀር ተቀየምኋቸው። ስልኬን አንሥቼ ለባለሙያው ደወልሁ። የመጽሐፉን ቁጥር ጠየቀኝ፤ ነገርሁት።

«እኔ ጋ ይገኛል ነው የሚለው» አለ።

«መደርደሪያው ላይ የለም።»

«ሲስተሙ ላይ ግን አለ።»

«እናትዬዋ ታዲያ ሲስተሙን ተሸክመው ጽጽቃ ይግቡ?»

«ቅሬታ ካለሽ በኢሜይል አስገቢ» ብሎ ዘጋው። ኢሜይሉን በምን መብራት እንደምልከው አልነገረኝም።

እናትዬዋ ከተማው ውስጥ ዘመድ ቤት አደሩ። እሑድ ማለዳ አብረን ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ማስታወቂያ የሚናገሩት ቄስ እነዚያ ሰርቨሩን የተቀየሙት ናቸው። ነገሩን ሳስረዳቸው «እንዲህ እንደሚሆን አውቄ ነበር» የሚል ፊት አሳዩኝና «ልገዝት?» አሉ። በየብራናው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሰረቀው ይገዘት ተብሎ ይጻፍ የለ፤ እሱን ማለታቸው ነው። እስካሁን ካየኋቸው የቤተ መጻሕፍት ሲስተሞች ሁሉ ረጅም ዘመን የሠራው ይኸው ግዝት ነው፤ መብራትም አይፈልግም።

«አይ አባ፤ የያዘው ሌባ አይደለም፣ ባለ አደራ ነው» አልሁ።

«እንግዲያው በልመና ይሁን» አሉና ርእሱን ለሕዝቡ አነበቡ። ሕዝቡ እርስ በርሱ ተያየ። እኔም ስሕተታችን ወዲያው ታየኝ። ባለ አደራ መጽሐፉን በርእሱ አያውቀውም። እሱ የሚያውቀው «ወፍራሙ»፣ «ሽፋን የሌለው»፣ «ልጄ ዘይት የደፋችበት» ብሎ ነው። በዚህ ረገድ ልመናችን ከባለሙያው የፍለጋ ሣጥን አልተሻለም።

ሰው መበተን ሲጀምር እናትዬዋ በሴቶቹ በር በኩል ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «የመጽሐፉን ስም እኔም አላውቀው፤ ውስጡ ያለውን ግን አውቀዋለሁ» አሉ። በኽምጣና ተረቱን ጀመሩት። ሴቶቹ አንድ ሁለት እያሉ ከበቧቸው። ባል ጨው ሊገዛ ይሄዳል። በስልቻ ጨው ይዞ ሲመለስ ተከዜን ሞልቶ ያገኘዋል። ሚስቱ ወዲያ ማዶ እሳት አንድዳ ትጠብቀዋለች። እሳቱን ያያል፣ ወንዙን ያያል፣ ይገባል። ወንዙም ይወስደዋል። ሚስቲቱ ወፍ ሆና እስከ ዛሬ ከወንዙ ዳር ትጣራለች።

«አይ፣ እንዲያ አይደለም» አለች በርበሬ የምትሸጥ አንዲት ሴት። «ይመጣል።»

«ማን?»

«ባልየው ነዋ። ጨው ሟሙቶበት፣ ባዶውን ስልቻ ተሸክሞ ይመጣል።»

እናትዬዋ በገዛ ተረታቸው መታረማቸውን እንዴት ይቻሉት? «እናቴ የነገረችኝን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» አሉ። «ወንዙ ነው የሚወስደው። ወፏስ?»

«ወፍ የሚባል ነገር የለበትም እሜቴ። እኛ ስንት ቀን ሰምተነዋል። በጦርነቱ ቤት ዘግተን ስንቀመጥ መሪጌታ ከመጽሐፍ ያነቡልን ነበር።»

እናትዬዋ መልስ ሊሰጡ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ እኔ ቀደምሁና የትኛው መሪጌታ ብዬ ጠየቅሁ።

መሪጌታ ዕድሜ የተጫናቸው ሰው ናቸው፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ እግራቸው ታሞ ከቤት አይወጡም። ስንገባ መደባቸው ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። መጽሐፍ አለ ወይ ስላቸው አልካዱም። ከራስጌያቸው የቆዳ ማኅደር አወረዱ፤ ማንገቻው ሳይቀር በደንብ የተሰፋ፣ ለዳዊት የሚገባ ማኅደር። ከውስጡ በትምህርት ቤት ማባዣ የተባዛው ያ ሰማያዊ ጥራዝ ወጣ። እኛ መሥሪያ ቤት በነበረበት ዘመን የወንበር እግር ሲነቃነቅ የሚደገፍበት ዓይነት ነበር። እጄን ዘረጋሁ፤ እሳቸው መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«አንቺን አላውቅሽም።»

«የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ነኝ መሪጌታ። ማኅተሙን ይዩት።»

«ማኅተም አይደለም የሰጠኝ፣ ሰው ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ።»

«ሰጪው እኮ አርፈዋል።»

«ያረፉ ዕለት ፍትሐታቸው ላይ ነበርሁ። ስለዚህ ባለቤቱ እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»

«ባለቤቱ እኔ ነኝ» አሉ እናትዬዋ ከበሩ። «የነገርሁትም እኔ ነኝ፣ የጻፈውም ባሌ ነው።»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ጥራዙን ከፈቱና ገጽ መረጡ። «እንግዲያው የጨው ነጋዴውን ንገሪኝ» አሉ።

ልክ ነው፤ ባለሙያውም ሲስተሙን ለመክፈት የይለፍ ቃል ይጠይቃል። እናትዬዋ ቆመው ነገሩ። ጨው፣ ተከዜ፣ ማዶ ያለው እሳት። መሪጌታ በጣታቸው መስመሩን እየተከተሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። አንዲት ቃል አልተዘለለችም። ደስ አለኝ፣ አውቶቡሱን ሁሉ አሰብሁ። ከዚያ ወንዙ ወሰደው፣ ሚስቲቱም ወፍ ሆነች።

የመሪጌታ ጣት ቆመ። «መጨረሻው አይገጥምም» አሉ።

በርበሬ ሻጯ ያለችው ትዝ አለኝና ወደ እናትዬዋ ጠጋ ብዬ «መጣ ይበሉ» አልኋቸው በሹክሹክታ። «ይበሉትና መጽሐፉን እንውሰድ።»

እናትዬዋ ዞር ብለው አዩኝ። እንዲያ ያለ ዓይን ዳግመኛ እንዲያየኝ አልፈልግም።

«አልመጣም» አሉ።

መሪጌታ የእናትዬዋን ጥቁር ልብስ ያኔ ያስተዋሉ ይመስለኛል። ጥራዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብለው መጨረሻውን ቀስ ብለው አነበቡላቸው። ወንዙ ጎደለ። ሰውየው ወጣ። ጨዉ ሟሙቶ ስለነበር ባዶ ስልቻውን ተሸክሞ ሚስቱ እሳት ዘንድ ደረሰ። እሷም ጨው የለውም ብላ ሳትቆጣ ወጡን አልጫ አድርጋ አቀረበችለት።

«ይኸን እኔ አልነገርሁትም» አሉ እናትዬዋ። ድምፃቸው ወርዷል። «እዚህ ጋ ሲደርስ ብዕሩን ያስቀምጥ ነበር። አይሆንም፣ ይኸ ሰው መሞት የለበትም ይለኛል። ተረቱ እንዲያ ነው፣ ዝም ብለህ ጻፍ እለዋለሁ። እሺ ይለኝ ነበር።»

መሪጌታ ጥራዙን ወደ ማኅደሩ መልሰው ማንገቻውን አጠበቁና በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። «ለመውሰድ የመጣ ሌላ ሰው ቢሆን ባልየው መጣ ይለኝ ነበር» አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት እናትዬዋ ሊሰናበቱኝ ቢሮ መጡ። ማኅደሩን አንግተውታል። እንደ ተአምር ነው፣ መብራቱም ኔትወርኩም አለ። መጽሐፉን ለሳቸው እንደሰጠሁ መመዝገብ አለብኝና ካታሎጉን ከፈትሁ። «ለባለቤቱ ተመለሰ» የሚል ምርጫ ፈለግሁ፣ የለም። ተውሷል እንዳልል የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ መጽሐፉ ዓይኔ እያየው ከፊቴ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ «ጠፍቷል» የሚለውን ተጫንሁ። ሲስተሙ በእንግሊዝኛ አመሰገነኝ።

እናትዬዋ ገና ከወንበር ሳይነሡ ስልካቸው ጮኸ። ልጅቷ ናት። መጽሐፉን ካገኘች ቀን ጀምሮ ገጹን ስትከፍት ስትዘጋ ነው የምትውለው አሉኝ። ድምፅ ማጉያውን ከፈትሁላቸው።

«እማ፣ ጠፍቷል ይላል» አለች። እያለቀሰች ነው።

«ጉያዬ ውስጥ ነው ልጄ።»

«ጠፍቷል ይላል እኮ። አሁን ነው የተቀየረው።»

«ይበል። ይኸው ይዤዋለሁ፣ ከባድ ነው፣ ቆዳ ቆዳ ይላል።»

ልጅቷ ማመን አቃታት። አሥር ጊዜ ያታለላትን ስክሪን ታምናለች፣ እናቷን አታምንም። ሊያጽናኑኝ ነው እንዲህ የሚሉኝ ብላ እንደሆነ ገባኝ። እናትዬዋ ማኅደሩን ከፍተው ጥራዙን አወጡ፤ ሊያነቡላት እንደማይችሉ ያኔ ትዝ አላቸው መሰለኝ፣ ገጾቹን ዳበሱ። እኔ ላንብብላት ብዬ እጄን ዘረጋሁ። አልሰጡኝም።

«የጨው ነጋዴውን ተረት ታስታውሺዋለሽ?» አሏት።

«ወንዝ የወሰደው?»

«እሱ። አባትሽ መጣ ብሎ ጽፎታል።»

እናትዬዋ ስልኩን አንሥተው ጆሯቸው ላይ እንዳደረጉ፣ በሌላው እጃቸው ጥራዙን እንደያዙ፣ የጽጽቃ አውቶቡስ መንገደኛ መጥራት እስኪጀምር ድረስ ቢሮዬ ውስጥ ተቀመጡ።